አጽናኝ የገዛ ልቡን ይመርምር

ከአዲስ አበባ ወደ ሻሸመኔ የሚወርድ መንገደኛ ዛሬ ባቱ የሚባለውን ዝዋይን ካለፈ በኋላ በስተግራው የላንጋኖን ሐይቅ ያያል። ከአርሲ ተራሮች የሚወርዱ ወንዞች የሚገቡበት ይህ ሐይቅ ውኃው ቡናማ ነው፤ በውስጡ የተበተነው ደቃቅ አፈር ነፋሱ ጸጥ ባለ ጊዜ እንኳ አይጠራም። ስለዚህ በዚያ የሚታጠብ ሰው የሚረግጠውን አያይም፤ በእግሩ እየዳሰሰ ይገባል እንጂ። እኛም በዳርቻው በተቀመጥን ጊዜ የአጽናኝ ልብ እንደዚሁ መሆኑን አሰብን። ኀዘንተኛን የሚያጽናና፥ የንስሐ ልጆቹን የሚሰማ ካህን፥ አእምሮው የታወከውን የሚያክም ሐኪም፥ ሁሉም የገዛ ልቡን መሠረት አጥርቶ አያይም።

የኢዮብን ወዳጆች እናስታውስ። ሦስቱ ሰዎች መከራውን ሰምተው ከየሀገራቸው መጡ፤ አለቀሱም፤ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ምንም ሳይናገሩ በምድር ላይ አብረውት ተቀመጡ። እስከዚህ ድረስ መልካም አጽናኞች ነበሩ። ኢዮብ የተወለደበትን ቀን በረገመ ጊዜ ግን መታገሥ ተስኗቸው በደለኛ አደረጉት። ምክንያቱ ምንድን ነው? ኢዮብ ራሱ መከራውን አይተው እንደ ፈሩ ነግሯቸዋል። እንዲህ ያለው ነገር በጻድቅ ላይ ከደረሰ በእነርሱም ላይ ሊደርስ ነውና፥ ፍርሃታቸውን ሳያውቁት ተግሣጽ አደረጉት።

ይህን ነገር የሥነ ልቡና ሊቃውንትም አስተውለውታል። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1910 ዓ.ም. የኦስትሪያው ሐኪም ሲግመንድ ፍሮይድ ሕመምተኛው በሐኪሙ ልብ ስለሚያስነሣው ስሜት ጽፎ፥ ሐኪሙ ይህን በራሱ ላይ አውቆ ሊያሸንፈው እንደሚገባ አስተማረ። በ1950 ዓ.ም. ደግሞ ፓውላ ሃይማን የተባለች ሐኪም ስሜቱ እንቅፋት ብቻ እንዳልሆነ፥ በጥንቃቄ ለሚመረምረው የሕመምተኛውን ልብ የሚያስረዳ ምልክት እንደ ሆነ ገለጸች። ከሁለቱም የምንማረው፥ ሐኪሙ ያላወቀው ስሜት ሐኪሙን የሚገዛው መሆኑን ነው።

እኛም ራሳችን ስተናል። በአንድ ወቅት በመጠጥ የተጎዳ ወጣት ምክር ፈልጎ መጣ፤ ነገሩ በንስሐ የተነገረ ምሥጢር አልነበረም። ንግግሩን ሳይጨርስ በቁጣ ገሠጽነው፤ እርሱም አንገቱን ደፍቶ ወጣ፤ ዳግመኛም አልተመለሰም። ከብዙ ቀን በኋላ ልባችንን ብንመረምር፥ በመጠጥ ምክንያት ያጣነው ወንድማችን ትዝ ብሎን ኖሯል። ቁጣው የእኛ ነበረ፤ ቅጣቱን ግን እርሱ ተቀበለ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ስሜት አይኑረን ማለታችን አይደለም፤ ጌታችን በአልዓዛር መቃብር አልቅሷልና፤ እንባውም አልዓዛርን ከማስነሣት አላገደውም። አስቀድመን ቁጣ፥ ፍርሃት ወይም ከልክ ያለፈ ርኅራኄ ሲነሣብን «ይህ የማን ነው? የእርሱ ነው ወይስ የእኔ?» ብለን እንጠይቅ። ሁለተኛም ልባችን በታወከበት ሰዓት ፍርድ አንስጥ፤ ጥቂት ዝም ብለን እንስማ። ሦስተኛም ካህን ቢሆን እርሱም የንስሐ አባት አለውና፥ የሌላውን ምሥጢር ሳይገልጥ የገዛ ልቡን ለአባቱ ይንገር፤ ሐኪሞችም ከእነርሱ ይልቅ ልምድ ላለው እየቀረቡ ሥራቸውን ያስመረምራሉ። ከአቅማችን በላይ የሆነውንም ወደ ሐኪም ቤት መላክ ትሕትና ነው እንጂ ሽንፈት አይደለም።

ውኃው እስኪጠራ የሚጠብቅ ሰው ላንጋኖ አይገባም። እኛም ልባችን ፈጽሞ እስኪጠራ ድረስ ብለን ኀዘንተኛውን በደጅ አናቁመው፤ አለማየታችንን አውቀን፥ እየዳሰስን በትሕትና እንግባ እንጂ። ለዚህም ልብን የሚመረምር አምላክ ማስተዋልን ያድለን። አሜን።