ዲዋሊ በፉሪ

ጥያቄ፦ ሕንዳዊት እናት ነኝ፤ ፉሪ እኖራለሁ። ሥራ ውዬ ዲዋሊን ለልጆቼ እንዴት ላክብርላቸው?

መልስ፦ በ2019 ዓ.ም. በዓሉ እሑድ ጥቅምት 29 ስለሚውል ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልግዎትም። በሥራ ቀን ቢውልም የላክሽሚ ጸሎት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው፤ መንገዱ ካልተዘጋጋ ይደርሳሉ።

እኔን የሚያሳስበኝ ጣፋጩ፣ ላዱው ነው። የላዱውን ሽምብራ ሽሮ በተፈጨበት ወፍጮ ካስፈጩት ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል። አስቀድመው ወፍጮውን ያስጠርጉ፤ ወይም ቤት ይፍጩት። የእኛ ንጥር ቅቤ ኮረሪማና ኮሰረት አለበት፤ ስለዚህ ለላዱው ለጋውን ቅቤ ያለ ቅመም ራስዎ ያንጥሩት። የበዓሉን መብራት ክር ደግሞ ልጆቹ ከጥጥ ይግመዱ።

ለጎረቤት ሲያዳርሱ የጽጌን ጾም የያዘ አይጠፋምና በዘይት የተሠራም ለብቻው ይኑርዎት።