በድረ ገጽ ቀጠሮ ስለ መቀበል

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ ፎቶ ቤት አለኝ። ደንበኞቼ በድረ ገጼ ላይ ራሳቸው ቀጠሮ እንዲይዙ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ክቡር ጠያቂ፣ እንደ ካሌንድሊ ካለው አገልግሎት የቀጠሮ ቅጽ ወስዶ በገጽዎ ላይ መትከል ቀላል ሲሆን፣ ብርቱ ጥንቃቄ የሚሻው የሰዓቱ ነገር ነው፤ ቅጹ 9:00 ብሎ የሚያሳየውን እኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ስለምንለው፣ ቀጠሮ የያዘች ሙሽራ ከቀትር በኋላ መስሏት ብትዘገይ ጥፋቱ የእርሷ አይደለም። ስለዚህ በቅጹ መግለጫም ሆነ በማረጋገጫው መልእክት የአገራችንን አቆጣጠር በግልጽ ይጻፉ፤ ከዋሽንግተን ሆኖ ለሚቀጥር ወገን ልዩነቱ በክረምታቸው 8፣ በበጋቸው 7 ሰዓት ነውና፣ የሰዓት ቀጠናውን በአዲስ አበባ ያጽኑት። ከዐቢይ ጾም በፊት በሚበዛው የተክሊል ወራት በቀጠሮዎች መካከል ለመንገድ የሚበቃ ጊዜ ይተዉ፤ ቀብድ ሳይከፈልም ቀኑን አያጽኑ።