ቆጣሪ በሌለበት ማደር
(የፀሐይ ኃይል ዕቃ ይዞ ወደ ድንኳንና ወደ ገጠር ትምህርት ቤት ለሚወጣ ሠልጣኝ የቀረበ ትምህርት)



«መብራት ሄደ»፣ «መብራት መጣ» እንላለን። በአራዳ ተወልዶ ላደገ ሰው መብራት እንደ እንግዳ ነው፤ ከሌላ ቦታ ይመጣል፣ ሲያሻውም ይሄዳል። የእኛ ሥራ ማብሪያውን ተጭኖ መጠበቅ ብቻ ነው። ለመስክ ጥናት ድንኳን ተክለን ስናድር ወይም ለማስተማር ልምምድ የኤሌክትሪክ መስመር ወዳልደረሰበት ቀበሌ ስንወጣ ግን ይህ አነጋገር ትርጉሙን ያጣል። እዚያ መብራት አይመጣም፤ አይሄድምም። ቀን ያጠራቀምነውን ማታ እናወጣለን፤ ያላጠራቀምነውን ከየትም አናገኝም።

ብዙ ሰው ሶላር ገዝቶ ይወጣና በ3ኛው ሌሊት ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ «ሶላር የሚባል ነገር እኮ አይረባም!» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ያልረባው ሶላሩ አይደለም፤ ሒሳቡ ነው። እንግዲህ የዛሬው ትምህርታችን አንድ ነገር ላይ ያተኩራል። ይኸውም፦ በቅድሚያ ሒሳብ፣ ከዚያ ዕቃ።

ሀ) ከዶሮ ማነቂያ ግቢ የምንማረው

የዶሮ ማነቂያ ሰፈር አብዛኛው ክፍል በ2016 ዓ.ም. በከተማው የኮሪደር ልማት ሥራ ፈርሷል። ቀደም ሲል ግን በዚያና በመሰል የአራዳ ሰፈሮች በአንድ ግቢ የሚኖሩ በርካታ ቤተሰቦች በአንድ ቆጣሪ ይጠቀሙ ነበር። ሁለት ቤት ባንድ ጊዜ ምጣድ ከጣደ ፊውዙ ይቃጠላል፤ ግቢውም በሙሉ ይጨልማል። ስለዚህ «እትዬ፣ ዛሬ የምጣድ ተራው የማን ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። ልብስ የሚተኩስም ምጣዱ እስኪወርድ ይታገሣል። የወሩ ሒሳብ ሲመጣ ደግሞ ማን ስንት አምፖል አለው፣ ማን ፍሪጅ አለው፣ ማን በሳምንት ስንቴ ይጋግራል ተብሎ ይከፋፈላል። ይህ ሁሉ ያለ ፊዚክስ መምህር የተሠራ የኃይል በጀት ነው።

በድንኳንም ያው ነው። ልዩነቱ ቆጣሪው ትንሽ መሆኑ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይጠይቃል። ከዚህ በታች የምናሰላው የ30 ዋት ፓኔል በአንድ የበጋ ቀን የሚሰጠን 105 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። አንድ ሰዓት ለመጋገር የ33 ቀን ፀሐይ ማጠራቀም አለብን ማለት ነው። በመሆኑም በትንሽ ፓኔል የሚሞቅና የሚበስል ነገር አይታሰብም። ብርሃን፣ ሬዲዮና ስልክ ግን በሚገባ ይሆናሉ።

ለ) ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም

በ1967 ዓ.ም. በተጀመረው የእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ሲሰማሩ፣ በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅም፣ የገጠሩ ሌሊት የሚበራው በኩራዝ፣ በፋኖስና በማሾ ነበር። ላምባ ከሌለ ንባብ የለም።

ይሁንና ብዙም ሳይቆይ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 (በ1977 ዓ.ም. ገደማ)፣ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ሚቶ በምትባል መንደር 10.5 ኪሎ ዋት የሚያመነጩ የፀሐይ ፓኔሎች ተተከሉ። በመንደሩ በተዘረጋ መስመርም ለ300 ያህል ቤተሰቦች መብራት ሰጡ። እ.ኤ.አ. በ1989 ኃይሉ ወደ 30 ኪሎ ዋት አድጎ ለውሃ መሳቢያና ለእህል ወፍጮም እንዲያገለግል ሆኗል።

ከዚያ በኋላ በ1990ዎቹ መጨረሻ በሰሜን ሸዋ፣ ሬማ በተባለች የገጠር ከተማና በአካባቢዋ፣ ለእያንዳንዱ ቤት የራሱ ትንሽ ፓኔልና ባትሪ እየተሰጠ ወደ 2,000 የሚደርሱ ቤቶች በፀሐይ ኃይል በርተዋል። እዚህ ላይ ለመምህር ትልቅ ቁም ነገር አለ። በሬማ ፓኔል ተተክሎ ብቻ አልቀረም፤ የሚጠግኑ ባለሙያዎች የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤትም ተከፍቷል። ዕቃና ዕውቀት አብረው ገቡ ማለት ነው።

ሐ) አሠራሩ ባጭሩ

ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ ሊለወጥ እንደሚችል ፈረንሳዊው ኤድሞን ቤክሬል ያስተዋለው በ1839 እ.ኤ.አ. ነው። ለሥራ የሚውል የሲሊከን ሕዋስ በአሜሪካ የቤል ቤተ ሙከራ ይፋ የሆነው ግን በ1954 እ.ኤ.አ. ነው። ያን ጊዜ ሕዋሱ ካረፈበት የፀሐይ ኃይል ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው 6 ከመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ዛሬ በገበያ ያሉ ደህና ፓኔሎች 20 ከመቶ ያህል ይለውጣሉ።

ለጉዞ የምንይዘው ዕቃ 4 ክፍል አለው፦
1. ፓኔል፦ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል።
2. መቆጣጠሪያ (ኮንትሮለር)፦ ባትሪው ከልክ በላይ እንዳይሞላና ከልክ በላይ እንዳይራቆት ይጠብቃል።
3. ባትሪ፦ የቀኑን ኃይል ለማታ ያስቀምጣል። ባትሪ ስንል የእጅ ባትሪውን ወይም የሬዲዮ ድንጋዩን ሳይሆን እንደገና የሚሞላውን ማለታችን ነው።
4. ተጠቃሚው ዕቃ፦ አምፖል፣ ሬዲዮ፣ ስልክ።

መ) ዋናው ሒሳብ

ዋት የዕቃውን የአፍታ ፍላጎት ይነግረናል። ዋት ሰዓት ደግሞ ያን ፍላጎት በቆየበት ሰዓት አባዝተን የምናገኘው ጠቅላላ ፍጆታ ነው። ለምሳሌ ያህል 6 ሠልጣኞች ድንኳን ተክለው የሚያድሩ ቢሆን የቀን ፍላጎታቸው የሚከተለውን ይመስላል፦

— 2 ኤልኢዲ አምፖል፣ እያንዳንዱ 3 ዋት፣ ለ4 ሰዓት = 24 ዋት ሰዓት
— 1 ሬዲዮ፣ 2 ዋት፣ ለ3 ሰዓት = 6 ዋት ሰዓት
— 3 ስልክ (እያንዳንዱ ሰው በ2 ቀን አንድ ጊዜ ቢሞላ)፣ ለአንዱ 20 = 60 ዋት ሰዓት
ድምር = 90 ዋት ሰዓት

አሁን ወደ ፓኔሉ እንምጣ። በአገራችን ብዙ አካባቢ በበጋ የቀኑ ፀሐይ ሲጠቃለል ከ5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ጋር እኩል ነው ብለን ብናሰላ ብዙም አንሳሳትም። ይሁን እንጂ ከሙቀት፣ ከአቧራ፣ ከሽቦና ከባትሪ የተነሣ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ይባክናል። ስለዚህ በ0.7 እናባዛለን።

— 20 ዋት ፓኔል፦ 20 × 5 × 0.7 = 70 ዋት ሰዓት (አይበቃም)
— 30 ዋት ፓኔል፦ 30 × 5 × 0.7 = 105 ዋት ሰዓት (ይበቃል)

ክረምት ከሆነስ? ደመናው ፀሐዩን ወደ 3 ሰዓት ካወረደው ያው የ30 ዋት ፓኔል 63 ዋት ሰዓት ብቻ ይሰጣል። ያን ጊዜ በቀን የሚሞላው ስልክ ከ3 ወደ 1 ይወርዳል፤ ድምሩም 50 ይሆናል። ማን ይሙላ፣ ማን ይለፍ የሚለው ከመውጣታችን በፊት ተነጋግረን የምንጨርሰው ጉዳይ ነው። ማታ ድንኳን ውስጥ የተነሣ የስልክ ጠብ ማን ይዳኘዋል?

ስለ ባትሪው ደግሞ እንይ። በየሱቁ የሚገኘው የ12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት የእርሳስ ባትሪ 12 × 7 = 84 ዋት ሰዓት ይይዛል። የእርሳስ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በታች ማውረድ ስለማይገባ የምንጠቀመው 42 ብቻ ነው። ፍላጎታችን 90 ነው። ታዲያ 18 አምፒር ሰዓት ያለውን፣ ከ5 ኪሎ የሚበልጠውን ባትሪ ተሸክመን ተራራ እንውጣ? የለም። ስልኮቹ ቀን፣ ፀሐይ እያለ፣ ከፓኔሉ በመቆጣጠሪያው በኩል ይሞሉ። ለማታ የሚቀረው አምፖሉና ሬዲዮው፣ ማለትም 30 ዋት ሰዓት ብቻ ነው። ትንሹ ባትሪ ይበቃል፤ ሸክሙም ከግማሽ በታች ይወርዳል። የቀኑን ሥራ በቀን መጨረስ የሚባለው ይህ ነው።

ሠ) በጽሑፍ ላለመታለል ማስመሪያ ይያዙ

ሱቅ ገብተን «100 ዋት» ተብሎ የተጻፈበት፣ መጠኑ ግን ደብተር የሚያክል ፓኔል ብናይ ምን እናድርግ? ከሻጩ ጋር መከራከር አያስፈልግም። ማስመሪያ እናውጣ። የፓኔሉን ርዝመትና ስፋት በሜትር ለክተን እናባዛና ውጤቱን በ200 እናባዛው። በሙሉ ፀሐይ ሊሰጥ የሚችለው ዋት ከዚያ ብዙም አይበልጥም። ርዝመቱ 0.30፣ ስፋቱ 0.20 ሜትር ከሆነ፦ 0.30 × 0.20 × 200 = 12 ዋት። መቶው የት አለ?

በጀርባው ትንሽ ፓኔል የተለጠፈበት ፓወር ባንክም እንዲሁ ነው። 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚለው ዕቃ በ3.7 ቮልት ሲሰላ 74 ዋት ሰዓት ይይዛል። የጀርባው ፓኔል 1.5 ዋት ቢሆን በቀን 1.5 × 5 × 0.7፣ ማለትም 5 ዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል። ባዶውን በፀሐይ ብቻ ለመሙላት 2 ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ዕቃው መጥፎ አይደለም፤ ከተማ ሞልተነው ከወጣን ጥሩ ስንቅ ነው። ፀሐይ ይሞላዋል ብሎ ባዶውን ይዞ መውጣት ነው ጥፋቱ።

ረ) ፓኔሉን የት እናስቀምጥ?

1. ጥላ፦ በፓኔሉ ላይ ያሉት ሕዋሶች ተከታትለው የተያያዙ ናቸው። በአንዱ ላይ ጥላ ሲያርፍ፣ አንድ ቦታ ላይ እንደታጠፈ የውሃ ጎማ የሁሉም ፍሰት ይቀንሳል። በመናገሻ ሱባ ጫካ ከጽድ ሥር ድንኳን መትከል ደስ ይላል። ፓኔሉ ግን ከጽዱ ርቆ ገላጣ ቦታ መውጣት አለበት።

2. አቅጣጫ፦ አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ወደ ሰሜን ናት። የቀትር ፀሐይ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ በሰኔ ደግሞ በጥቂቱ ወደ ሰሜን ታልፋለች። ለበጋ ጉዞ ፓኔሉን ወደ ደቡብ ዘንበል እናድርገው። በሰኔ አግድም ቢተኛም ችግር የለውም።

3. ሰዓት፦ ዋናው ምርት የሚገኘው ከጧቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ነው። በዚህ ጊዜ ፓኔሉን ድንኳን ውስጥ ትቶ ለእግር ጉዞ መሄድ የቀን አበልን ጥሎ እንደ መሄድ ነው። አንድ ተረኛ ሰው ይመደብ።

4. ሙቀትና አቧራ፦ ፓኔል ብርሃን ይወዳል፤ ሙቀት አይወድም። ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በጋለ ቁጥር በየዲግሪው 0.4 ከመቶ ገደማ ኃይል ይቀንሳል። በቆርቆሮ ላይ ከማጣበቅ ይልቅ ሥሩ ነፋስ እንዲያገኝ በድንጋይ ከፍ እናድርገው። አቧራውንም ጧት ጧት በእርጥብ ጨርቅ እንጥረግ።

ሰ) የባትሪ አያያዝ

በስሜን ተራሮች የጨነቅ ማደሪያ 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ በበጋ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። የሊትየም ባትሪ ከ0 ዲግሪ በታች ሆኖ ከተሞላ ውስጡ ይበላሻል። ስለዚህ ሌሊቱን በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ይደር፤ ጧትም ሙቀት እስኪያገኝ ሳይሞላ ይቆይ። ያበጠ የሊትየም ባትሪ ከቶ አይሞላም፤ አይበሳም፤ እሳት ያስነሣል። የእርሳስ ባትሪ ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ሊያወጣ ስለሚችል በተዘጋ ድንኳን ውስጥ ወይም ሻማ አጠገብ አይሞላ። የባትሪው ሁለት ጫፎች በቁልፍም ሆነ በማንኪያ እንዳይገናኙ በፕላስተር ይሸፈኑ።

ሸ) መምህሩና መንደሩ

በድንኳን የሚሳሳት ሰው 3 ሌሊት በጨለማ ያድርና ከተማው ይገባል። መስመር ወዳልደረሰበት ትምህርት ቤት የተመደበ መምህር ግን እንደዚያ አይደለም። ልጆቹ፣ ወላጆቻቸው፣ የቀበሌው ሽማግሌዎች ሁሉ ያዩታል። የመምህሩ መብራት በሳምንቱ ከጠፋ «ፀሐይ አይታመንም፤ ኩራዛችን ይሻለናል» ይባላል። ከዚያም ልጅ በጭስ ዓይኑ እየተቃጠለ፣ ነበልባል አጠገቡ ተቀምጦ ማጥናቱ ይቀጥላል። መብራቱ ከዓመት ዓመት ከበራ ግን አንድ ቀን አንድ አባወራ መጥቶ «የኔታ፣ ለቤቴ ስንት ዋት ይበቃኛል?» ብሎ ይጠይቃል። ያን ጊዜ መልሱ ከሻጭ ሳይሆን ከመምህር መምጣት አለበት። ማባዛት የተማረ የ5ኛ ክፍል ልጅም ይህን ሒሳብ ለአባቱ ሊሠራለት ይችላል፤ ስለዚህ የሒሳብ ክፍለ ጊዜያችን መልመጃ እናድርገው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ከላይ ባየናቸው 6 ሠልጣኞች ላይ 50 ዋት ሰዓት የሚፈልግ ላፕቶፕ ቢጨመር ምን ይቀነሳል? ወይስ ስንት ዋት ፓኔል ያስፈልጋል?
2. በምትኖሩበት ቤት የአንድ ማታ የመብራት ፍጆታ ስንት ዋት ሰዓት ነው? ቆጥራችሁ አምጡ።
3. በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀም ግቢ ሒሳቡን እንዴት ቢከፋፈል ፍትሐዊ ይሆናል? በዚህ ሰፈር የኖሩ ወላጆችን ጠይቃችሁ ለክፍላችሁ አስረዱ።