ሃይማኖት በሥራ ቀን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



እሑድ አስቀድሰን፣ ዘምረን፣ ትምህርት ሰምተን ወደየቤታችን እንሄዳለን። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ያሉት 6 ቀናት የማን ናቸው? ነጠላችንን አጥፈን ስናስቀምጥ ሃይማኖታችንንም አብረን የምናጥፍ ከሆነ፣ እምነታችን ከልብሳችን በምን ይለያል?

1ኛ/ የአባቶቻችን ሥርዓት

ቤተ ክርስቲያናችን እግዚአብሔርን ማሰብን ለእሑድ ብቻ አልወሰነችም። የጸሎት ጊዜያት 7 ናቸው፤ እነርሱም ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት ናቸው። በየሳምንቱ የምንጾማቸው ረቡዕና ዓርብም የሥራ ቀናት ናቸው። በየወሩ በ12 የቅዱስ ሚካኤል፣ በ21 የእመቤታችን መታሰቢያ ሲሆን፣ ምእመናን ጸበል ጸዲቅ አዘጋጅተው ድሆችን ያበላሉ። ከዚህ የምንረዳው ሃይማኖት በሥራውም በማዕዱም መካከል እንዲገባ አባቶቻችን እንዳሰቡበት ነው።

2ኛ/ የመጥምቁ ዮሐንስ ትምህርት

በሉቃስ ወንጌል 3፥10-14 ሕዝቡ ምን ማድረግ እንደሚገባቸው መጥምቁ ዮሐንስን ጠየቁት። ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው እንዲሰጥ፣ ምግብ ያለውም እንዲሁ እንዲያደርግ ነገራቸው። ቀራጮችን ከታዘዘው በላይ እንዳይሰበስቡ፣ ጭፍሮችንም ሰውን እንዳይበድሉ፣ በሐሰት እንዳይከሱና ደመወዛቸው እንዲበቃቸው መከራቸው።

ልብ እንበል፤ ዮሐንስ ራሱ በምድረ በዳ የኖረ ነው። ሆኖም ከእነርሱ አንዱንም ሥራህን ጥለህ ወደ በረሃ ና አላለውም። ይልቁንም እያንዳንዱ በቆመበት ቦታ፣ ዘወትር በሚፈተንበት ነገር ላይ እንዲታመን አዘዘው። የቀራጩ ፈተና ገንዘብ ነበረ፤ የጭፍራው ፈተና ጉልበቱ ነበረ። የእኛስ?

3ኛ/ በእኛ ኑሮ

ተማሪ የሆንን እንደሆነ ፈተናችን በፈተና ክፍል ውስጥ ነው። ሁሉም ሲኮርጅ እኔ ብቻ ለምን እወድቃለሁ የሚል አሳብ ይመጣል። ነቢዩ ዳንኤልን ጠላቶቹ በመንግሥት ሥራው ስሕተት ፈልገው አላገኙበትም (ዳን. 6፥4)። በቀን ሦስት ጊዜ የሚጸልየውም ይኸው ሰው ነው (ዳን. 6፥10)። ጸሎቱና የሥራው ንጽሕና አልተለያዩም።

በቢሮ የምንሠራ እንደሆነ፣ ከሩቅ ቀበሌ የመጣውን ባለ ጉዳይ ዛሬ ልንጨርስለት ስንችል ነገ ና ማለት በደል ነው። በንግድ ያለንም ሚዛናችንን እንመርምር።

ከሁሉ ይልቅ ግን ቤታችንን እንይ። እኛ እሑድ ጠዋት ለቅዳሴ ስንወጣ ምሳችንን የምትሠራው እኅታችን በብዙ ቤት ከጓዳ አትወጣም። እርሷም እንደ እኛ በአንዲት ጥምቀት የተጠመቀች ናት። የምታስቀድስበት ሰንበት አላት ወይ? ደመወዟስ በጊዜው ይከፈላታል? ወላጆቻችንን በትሕትና አነጋግረን፣ በየተራ ወጥ ሠርተን እርሷን ወደ ቤተ ክርስቲያን ብንልክ፣ ይህ ሥራ ከብዙ መዝሙር ይልቅ ስለ እምነታችን ይመሰክራል። እርሷ ስለ ክርስቲያን ምንነት የምትማረው ከመድረክ ንግግራችን ሳይሆን ከአያያዛችን ነውና።

4ኛ/ ከየት እንጀምር?

ሰባቱን የጸሎት ጊዜያት መጠበቅ ያልቻልን ጠዋትና ማታ ሳናቋርጥ እንጸልይ። ሥራ ስንጀምር እናማትብ፤ ያማተብንበትን ሥራ ማበላሸት ይከብደናልና። በጾም ቀን ከምግባችን የተረፈውን ለተራበ እንስጥ። ማታ ከመተኛታችን በፊት ዛሬ ማንን በደልሁ ብለን ራሳችንን እንጠይቅ፤ የበደልነውንም ይቅርታ እንጠይቅ። ይህም በራሳችን ኃይል ብቻ የሚፈጸም አይደለም። ስለዚህ ከንስሐ አባታችን ሳንርቅ፣ በንስሐ ተዘጋጅተን ከቅዱስ ሥጋውና ከክቡር ደሙ እንቀበል። ሥራ የሌለው እምነት የሞተ መሆኑን ሐዋርያው ያዕቆብ አስተምሮናል (ያዕ. 2፥17)።

የመወያያ ጥያቄዎች፤
ሀ/ በምንማርበት ወይም በምንሠራበት ቦታ ዘወትር የሚፈትነን ነገር ምንድን ነው?
ለ/ በቤታችን የሚያገለግሉ ሰዎች እንዲያስቀድሱ በዚህ ሳምንት ምን ማድረግ እንችላለን?

አምላካችን የሰማነውን በሥራ እንድንገልጠው ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።