በሕግ መርታትና በኅሊና መጽደቅ

«ሕግ አልከለከለኝም፤ ስለዚህ ኃጢአት የለብኝም» የሚል አነጋገር በመካከላችን ይሰማል። በእውነት በሕግ ያልተከለከለ ሁሉ መልካም ነውን? መልሱን ዘወትር ከሚያጋጥመን ከብድር ጉዳይ ተነሥተን እንመልከት።

አንድ ሰው ጎረቤቱን አምኖ ያለ ጽሑፍ 2,000 ብር አበደረው እንበል። ቀኑ ሲደርስ ተበዳሪው «አልወሰድሁም» ቢል አበዳሪው ምን ያደርጋል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2472 እንደሚደነግገው ከ500 ብር የሚበልጥ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፥ ወይም በፍርድ ቤት በተሰጠ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ብቻ ነው። ገንዘቡ ሲቈጠር ያዩ ሰዎች ቢመሰክሩም አይበቃም። ደግሞም ውል ይፈጸምልኝ የሚል ክስ፥ ሕግ በሌላ አኳኋን ካልወሰነ በቀር፥ 10 ዓመት ሲያልፈው በይርጋ ይታገዳል።

ሕጉ እንዲህ ማለቱ ያለ ምክንያት አይደለም። በሐሰት ምስክር ንጹሕ ሰው እንዳይጠቃ፥ ክርክርም ማብቂያ እንዲኖረው ነው። ዳኛ የሚፈርደው በቀረበለት ማስረጃ ነው፤ ልብን መርምሮ ማየት አይቻለውም። ቅዱስ ቶማስ አኲናስም የሰው ሕግ በተለይ ሌላውን የሚጎዳውን ከባድ በደል እንጂ ክፋትን ሁሉ እንደማይከለክል አስተምሯል።

ነገር ግን ማስረጃ መጥፋቱ ዕዳውን አያጠፋውም። ተበዳሪው ገንዘቡን መውሰዱን ያውቃል። ይርጋንም ቢሆን ዳኛው በገዛ ራሱ አያነሣውም፤ የሚያነሣው ባለዕዳው ነው። ስለዚህ «ሕጉ ነው» ብሎ ማመካኘት አይችልም። በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2409፥ የተዋሱትን አውቆ ማስቀረት የአገርን ሕግ ባይጥስ እንኳ ሰባተኛውን ትእዛዝ እንደሚጥስ ያስገነዝበናል። ዘኬዎስም ጌታን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ፥ ዳኛ ሳያስገድደው፥ ያለ አግባብ የወሰደውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ ተናገረ (ሉቃ. 19፥8)።

ማጣት ኃጢአት አይደለም። መክፈል ያቃተው ሰው ዕዳውን ይመን፤ ጊዜ ይለምን፤ በጥቂት በጥቂቱም ይክፈል። እየቻለ የሚክድ ግን በፍርድ ቤት ቢረታም ወደ ንስሐ ሲቀርብ ገና ባለዕዳ ነው። ከእግዚአብሔር ጋር የሚታረቅ የወንድሙን ገንዘብ ይመልስ።

ለውይይት፦
1. ሕግ የማይጠይቀን፥ ኅሊናችን ግን የሚጠይቀን ምን ዕዳ አለብን?
2. አበዳሪው ቢሞት ዕዳው ለማን ይመለሳል?