ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ በአንድ ሳንቲም፦ የመንገደኛ ሳንቲም አነዳደፍ

ከባሕር ዳር ወደ ላሊበላ የሚጓዝ ሰው ደብረ ታቦርን አልፎ፣ ጉናን ተጠግቶ የጋይንቷን ነፋስ መውጫ ይደርሳል። እዚያ ቡናውን ጠጥቶ በጨጨሆ በኩል ወደ ጋሸና ይሻገራል። ጋይንትን የሚያውቀው በመኪና መስኮት ነው፤ ጎረቤቶቹን ስማዳንና እስቴን ስማቸውን እንኳ ሳይሰማ ያልፋል። ይህን መመሪያ የምጽፈው ለእንዲህ ያለው መንገደኛ በኪሱ የሚይዘው አንድ ነገር ልንሰጠው እንችላለን ብዬ ስለማምን ነው። የምለው የሚገበያዩበትን ሳንቲም አይደለም፤ ከአገር አገር የሚዞረውን፣ የሦስቱን አገሮች ስም ይዞ የሚሄደውን ነው።

ሳንቲሙ የሚዞርበት ጨዋታ ጂኦካሺንግ ይባላል። አንዱ ሣጥን ይደብቃል፣ ሌላው በጂፒኤስ እየተመራ ይፈልጋል፤ የአዋቂ አኩኩሉ ነው። የተጀመረው የአሜሪካ መንግሥት የጂፒኤስን ምልክት ሆን ብሎ ማዛባቱን ሚያዝያ 24 ቀን 1992 ዓ.ም. ሲያቆም ነው። በማግሥቱ አንድ ሰው ኦሪገን ግዛት ውስጥ ባልዲ ደብቆ ያለበትን ነጥብ ለሌሎች አሳወቀ። ከዓመት በኋላ ደግሞ የዋሽንግተን ግዛት ተጫዋች የመጀመሪያውን የጨዋታ ሳንቲም አሠራ። እያንዳንዱ ሳንቲም የራሱ ቁጥር አለው። ሣጥን ውስጥ ያገኘው ሰው ቁጥሩን በጨዋታው ድረ ገጽ መዝግቦ ይወስደዋል፣ ሌላ አገር ሌላ ሣጥን ውስጥ ያኖረዋል። ባለቤቱ ቤቱ ሆኖ ጉዞውን በካርታ ይከታተላል።

አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2008 ለ50ዎቹ ግዛቶቻቸው በባለ25 ሳንቲማቸው ጀርባ አንድ አንድ ሥዕል አውጥተዋል። ተጫዋቾቹም በዚያው መንፈስ የየግዛታቸውን ሳንቲም ያሠራሉ። እኛም የራሳችንን እንንደፍ።

1. አንድ ምስል ይምረጡ

የሥራው ግማሽ እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የአገሩን ነገር ሁሉ፣ ተራራውንም ቤተ ክርስቲያኑንም በሬውንም ጀግናውንም፣ በአንዲት ክብ ላይ ለማጨቅ ሲሞክር ነው። በ1969 ዓ.ም. የወጣችውን 1 ሳንቲም ያስታውሱ፤ በጀርባዋ ያለው ሥዕል ጥንድ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ ብቻ ነው። በጣት ጫፍ የምትያዝ ብትሆንም ማንም አይቶ አይስታትም።

ስለዚህ የሦስቱን አገር ሰዎች ለየብቻ ይጠይቁ፤ «አገርዎን በአንድ ነገር ብቻ ያሳዩኝ ቢባሉ ምን ያሳዩኛል?» ይበሏቸው። መልሱን ሁሉ ይጻፉ፣ ከዚያ እየሰረዙ ይሂዱ። የእኔ አሰራረዝ እንዲህ ነበር።

በጣም የፈተነኝ ሴባስቶፖል ነው። አፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ያሠሩትን መድፍ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ መንገድ እየጠረጉ ያለፉት በዚሁ በጋይንት፣ በጨጨሆ ነው። ታሪኩ ትልቅ ነው። ነገር ግን ገመድ የሚጎትት ሠራዊት በ40 ሚሊ ሜትር ክብ ውስጥ ሲገባ የጉንዳን መንጋ ይመስላል። ይህን ምስል አልተውም የሚል ሰው ሠራዊቱን ትቶ አንድ ጎማና አንድ ዳገት ብቻ ይሣል፤ የመድፉን ክብደት የሚያሳየው የዳገቱ ቀጥ ማለት ነው።

ሁለተኛው ጋይንት ቤተልሔም ነበር። ድጓ የሚመሰከርበት ቦታ መሆኑን የቤተ ክህነት ተማሪ ሁሉ ያውቃል፤ ዝማሬ መዋሥዕት ደግሞ እዚያው ጋይንት ዙር አምባ ላይ ይመሰከራል። የቤተልሔም ሕንፃም ለንድፍ የተፈጠረ ይመስላል፤ በውጭ ክብ የሣር ክዳን፣ በውስጡ ረዘም ያለ አራት ማዕዘን ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን። ከላይ እንደሚታይ አድርገው ቢሥሉት ሳንቲሙ ራሱ ክብ ግድግዳው ይሆናል። ይህን ሐሳብ እወደዋለሁ፤ ስለምወደውም ከሌላ ምስል ጋር አላጋፋውም፣ ለብቻው ሌላ ሳንቲም ይገባዋል።

የቀሩት ጉናና ወንዞቹ ናቸው። ጉና ከ4000 ሜትር በላይ ነው፤ ላይ ጋይንት፣ እስቴና ፋርጣ ይጋሩታል። ተራራ ብቻውን ሲሣል ግን ሦስት ማዕዘን ነው፣ የማንም ተራራ ሊሆን ይችላል። ጉናን ጉና የሚያደርገው በቁሩ ውስጥ እንደ ጦር ቀጥ ብሎ የሚቆመው ተክል፣ ጅብራ ነው። አንድ ጅብራ፣ ከኋላው አንድ የሸንተረር መስመር ይበቃል። በስማዳ ግርጌ ደግሞ በሽሎ ከዐባይ ይገናኛል፤ ሁለት መስመር መጥተው አንድ ሲሆኑ ማለት ነው። ሁለቱም ምስሎች በሦስት በአራት መስመር ያልቃሉ፤ የመረጥኳቸውም ለዚህ ነው።

2. ሁለቱን ገጾች ያነጋግሩ

ዘውድና ጎፈር የሚባለው ያለ ምክንያት ጎን ለጎን አልተቀመጠም፤ አንዱ ገጽ ሌላውን ማስታወስ አለበት። እኛ ደግሞ የተዘጋጀ ስም አለን፦ ላይ ጋይንትና ታች ጋይንት። ጅብራው ከ«ላይ» ጋር፣ የወንዞቹ መገናኛ ከ«ታች» ጋር ይሂድ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ውሳኔ አለ። ሳንቲም በሁለት መንገድ ይመታል። አንደኛው ወደ ጎን ሲገለብጡት የጀርባው ሥዕል ቀጥ ብሎ የሚታይበት ነው። ሁለተኛው ከላይ ወደ ታች ሲገለብጡት ቀጥ የሚልበት ነው። አምራቹ ካልነገሩት የመሰለውን ያደርጋል። ለዚህ ሳንቲም ሁለተኛውን ይዘዙ፤ የያዘው ሰው የጉናን ጫፍ በአውራ ጣቱ ወደ ታች ሲገፋው በሽሎ ላይ ይወርዳል። የአገሩ አቀማመጥ በእጅ ተገላብጦ ይታያል ማለት ነው።

3. ከገንዘብ ይራቁ፣ ከቅዱስ ነገር ይጠንቀቁ

በኢትዮጵያ ገንዘብ የማውጣት ሥልጣን የብሔራዊ ባንክ ብቻ ነው። «ብር» ወይም «ሳንቲም» የሚል ቃል፣ የዋጋ ቁጥር፣ በመገበያያ ሳንቲሞቻችን ላይ ያለውን የአንበሳ ራስ የመሰለ ሥዕል አያስገቡ። መጠኑም ከ1 ብሩ ሳንቲም በግልጽ ይለይ።

ታቦት፣ ሥዕለ አድኅኖ፣ የጸሎት ቃል አይቅረጹ። ይህ ዕቃ በሣጥን ተጥሎ፣ በማያውቀው ሰው ኪስ ከቁልፍ ጋር ተጋጭቶ የሚኖር ነው። በሳንቲሙ ጠርዝ ዙሪያ የቅዱስ ያሬድን ስምንት የዜማ ምልክቶች፣ ይዘትን፣ ደረትን፣ ርክርክን፣ ድፋትን፣ ጭረትን፣ ቅናትን፣ ሂደትንና ቁርጥን ማስፈር ካሰቡ፣ አስቀድመው አንድ የኔታ ዘንድ ሄደው ንድፉን ያሳዩ። ነጥብ፣ ጭረትና ቅስት ስለሆኑ ለብረት ይመቻሉ፤ ተዘቅዝቀው ቢታተሙ ግን የሚያፍሩት የአገሩ ሊቃውንት ናቸው።

4. መጠንና ብረት

የጨዋታ ሳንቲሞች አብዛኛውን ጊዜ ከ38 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት አላቸው። እኔ 40 ይሁን እላለሁ። ምክንያቴ ጠገራ ብር ነው። በማርያ ቴሬዛ ምስል 1780 የሚል ዓመት ተቀርጾበት ለብዙ ዘመን ሲመታ የኖረው ብር ወደ 40 ሚሊ ሜትር ስፋትና 28 ግራም ክብደት ነበረው። አያቶቻችን በመዳፋቸው ያውቁታል፤ ሴቶቹ በአንገታቸው አንጠልጥለውታል። ገበያተኛው የዘውዷንና የመርፌ ቁልፏን እንክብሎች ቆጥሮ ነበር የሚቀበለው። ሰው ሳንቲምን እስከዚህ ቀርቦ እንደሚያይ ማወቅ ለነዳፊ ትልቅ ትምህርት ነው።

ብረቱ የዚንክ ቅይጥ ቢሆን ይረክሳል፤ ነሐስ ወይም መዳብ ቢሆን ይከብዳል፣ ዝርዝሩም ይጠራል። አቅም ካለ ነሐሱን ይምረጡ። ቅቡ የሚያብረቀርቅ ሳይሆን ጎድጓዳው የጠቆረ፣ ያረጀ የሚመስለው ይሁን፤ ጥቁረቱ የጅብራውን ቅጠል ያሳያል።

5. ሥዕሉ

በ40 ሳንቲ ሜትር ክብ ወረቀት ላይ በእርሳስ ይሣሉ። ፎቶ አንሥተው ወይም ስካን አድርገው በኮምፒውተር በመስመር ይሥሩት፤ ከዚያ በ40 ሚሊ ሜትር አትመው፣ ቆርጠው፣ ካርቶን ላይ ለጥፈው ኪስዎ ያድርጉት። ሦስት ቀን ይዘውት ይዙሩ። ለማያውቀው ሰው አውጥተው «ይህ ምንድን ነው?» ይበሉ። የጉና ሰው «ጅብራ» ካላለ እንደገና ይሣሉ።

ከ0.25 ሚሊ ሜትር የቀጠነ መስመር አይተዉ፤ ሲመታ ይጠፋል። ከፍና ዝቅ ያለ ቅርጽ ከፈለጉ የትኛው ክፍል ከፍ እንደሚል በግራጫ ደረጃ ያመልክቱ፤ ነጩ ከፍተኛው፣ ጥቁሩ ዝቅተኛው።

6. ፊደል

የእኛ ፊደል ትርጉሙን የሚሸከመው በትንንሽ ቅጥያ ነው፤ የውጭ አምራች ይህን አያውቅም። የመጀመሪያ ንድፌ ተመትቶ ሲመጣ የ«ቴ» ቀለበት በቀለም ተሞልቶ ስለነበር «እስቴ» የሚለው «እስቲ» ሆኖ ተነበበ። በአገሩ ሰው ፊት ላሳየው አልደፈርኩም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ፊደሉን በ1.2 ሚሊ ሜትር ቁመት ነበር የላክሁት። ይህ መጠን ለላቲን ፊደል ይበቃ ይሆናል፣ ለእኛ ግን ከ2 ሚሊ ሜትር በታች አይውረዱ። ቀለበት ያላቸውን ፊደሎች በእጅ ትንሽ ከፈት ያድርጉ። የግዕዝ ቁጥር ከተጠቀሙ የላይና የታች ሰረዞቹ ከቁጥሩ ጋር እንዳይጣበቁ ያርቁ።

ፋይሉን ከመላክዎ በፊት ጽሑፉን ወደ ከርቭ ይቀይሩት፤ አለዚያ የግዕዝ ፊደል ያልተጫነበት ኮምፒውተር ሲከፍተው ባዶ አራት ማዕዘን ይሆናል። የስሞቹን አጻጻፍም አስቀድመው ይስማሙበት። ስማዳ እና ሲማዳ ሁለቱም ሲጻፉ አይቻለሁ፤ ብረት ላይ ከወጣ በኋላ የሚመለስ ነገር የለም።

7. ቀለም

ያነሰ ይሻላል። ለስላሳው ኢናሜል ከብረቱ ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ መስመሩ በጣት ይዳሰሳል፤ ጠንካራው ከብረቱ ጋር እኩል ተስተካክሎ ይወለወላል። እኔ ለስላሳውን እመርጣለሁ። ወንዞቹን ሰማያዊ አይቀቡ፤ በሽሎን በክረምት ያየ ሰው ውሃው አፈር የተሸከመ፣ ቡና የመሰለ መሆኑን ያውቃል። የአክሱም ነገሥታት በአንዳንድ የብርና የነሐስ ሳንቲሞቻቸው ላይ የንጉሡን ራስ ዙሪያ ብቻ በወርቅ ይለብጡ ነበር። ያንኑ ጥበብ ይዘን የጅብራውን ጫፍ ብቻ በወርቅ ቅብ ብናነሣው ሌላ ጌጥ አያስፈልግም።

8. ቁጥር፣ ምልክትና ናሙና

የመከታተያው ቁጥር ከጨዋታው ባለቤት ድርጅት ይገዛል፤ ለዚህ ፈቃድ ያለው አምራች ብዙ ጊዜ ራሱ ያስፈጽማል። ቁጥሩ በሌዘር ስለሚጻፍ ከሥዕል ነፃ የሆነ ለጥ ያለ ቦታ፣ ለምሳሌ ከወንዞቹ መገናኛ በታች፣ ይተዉለት። ያገኘው ሰው የት እንደሚመዘግብ እንዲያውቅም የድረ ገጹን አድራሻ አብረው ያስጽፉ። በድረ ገጹ ላይ ከሳንቲሙ ስም ጎን የሚታየው ትንሽ ምልክት 16 በ16 ፒክሰል ነው፤ በዚህ መጠን ጅብራው ብቻውን ይግባ።

ሞልዱ ከመቀረጹ በፊት የመጨረሻውን ንድፍ፣ ከተቀረጸ በኋላ ደግሞ የአንዱን ናሙና ፎቶ ይጠይቁ። ፎቶውን ለሦስት ሰው፣ ለአንድ የጋይንት፣ ለአንድ የስማዳ፣ ለአንድ የእስቴ ሰው ያስነብቡ። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ቢያግዝ ይቀላል። ሳንቲሞቹ ሲደርሱ ፎቶ አንሥተው ለሰው ሲያሳዩ ቁጥሩን ይሸፍኑ፤ ቁጥሩን ያየ ሁሉ ሳንቲሙን ሳይዝ እንደያዘ አድርጎ ሊመዘግብ ይችላል።

9. ጉዞውን ማስጀመር

ሣጥኑን በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ በመቃብር፣ በጠበል ወይም በሰው እርሻ አይደብቁ። ውስጡ የሚታይ ብልቃጥ ይምረጡ፣ «የጨዋታ ዕቃ ነው» የሚል ጽሑፍ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይለጥፉበት፤ ለቀበሌውና በአካባቢው ለሚጠብቁ እረኞች ይንገሩ። ባለቤቱ ያልታወቀ የተዘጋ ሣጥን ሰው ያስደነግጣል፣ ሰው ማስደንገጥ ደግሞ የለብንም። አካባቢው ሰላም ካልሆነ ይቆይ፤ ሳንቲሙ አይበላሽም።

ለእያንዳንዱ ሳንቲም የጉዞ ግብ ይስጡት። ለዚህኛው ያሰብኩት እንዲህ ነው፦ ርብና ጉማራ ከጉና ተነሥተው ጣና ይገባሉ፣ ከጣና ዐባይ ይወጣል፣ በሽሎም ታች ላይ ያገኘዋል። ሳንቲሙ የዚህን ውሃ መንገድ ተከትሎ በባሕር ዳር፣ በካርቱምና በካይሮ አልፎ እስክንድርያ ይድረስ። ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር በትንሽ ካርድ ጽፈው ከሳንቲሙ ጋር ያያይዙ፤ ካርዱን በላስቲክ ይጠቅልሉት፣ በጉና ጭጋግ ውስጥ ያልተጠቀለለ ወረቀት አንድ ክረምት አይዘልቅም።