ኤፍ-5ን በጠረጴዛ ላይ መገጣጠም፦ ደረጃ በደረጃ

እኛ ሰፈር፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ከፍ ብሎ እንጦጦ ሥር፣ የጄት ሞዴል ቀለም የሚቀባው በጠዋት ነው። ከቀትር በኋላ በባሕር ዛፉ መሐል የሚወርደው ነፋስ አቧራ ያመጣና እርጥብ ክንፍ ላይ ያራግፈዋል። ሰዓትዎን በዚህ ይወስኑ።

ደረጃ 1፦ አውሮፕላኑን ይምረጡ። እኔ ከሁሉም ኤፍ-5ኢን አስቀድማለሁ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ሲወር፣ ሚግ-21ዎቹን አየር ላይ የገጠማቸው እሱ ነው። አብራሪው ለገሰ ተፈራ በዚያ ጦርነት ተመትተው ወድቀው 11 ዓመት ያህል በሶማሊያ እስር ቤት ቆይተዋል። እውነተኛው አውሮፕላን 14.45 ሜትር ይረዝማል፤ በ1 ለ48 ሲቀነስ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። መገጣጠሚያውን ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ቢያመጣልዎ ይሻላል። ሥራ ሳይጀምሩ የአገራችንን ኤፍ-5 ፎቶ ፊት ለፊትዎ ይለጥፉ።

ደረጃ 2፦ ክፍሎቹን ለብ ባለ ውሃና ሳሙና ያጥቡ፤ ከፋብሪካ የመጣው ቅባት ቀለም አያስይዝም። ሲደርቁ በጥፍር መቁረጫ ይልቀሟቸው።

ደረጃ 3፦ ኮክፒቱ። እዚህ ላይ አይቸኩሉ፤ ሞዴሉን የሚያይ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው መቀመጫው ላይ ነው። ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለውን ብርማ ወረቀት በምላጭ አንድ ሚሊ ሜትር አድርገው ይሰንጥቁ፣ በወረንጦ ይዘው እንደ ቀበቶ በመቀመጫው ላይ ያጋድሙት። ትንሽ ጨምደድ ቢል ሰው ገና ተነሥቶ የሄደበት ይመስላል።

ደረጃ 4፦ አፍንጫውን ያክብዱ። ይህን አውሮፕላን ክብደት ሳይጨምሩበት ቢዘጉት ጅራቱ ላይ ቁጭ ይላል። የመጀመሪያዬን እንዲያ ዘግቼው እንደገና ለመሰንጠቅ ተገድጃለሁ። ትናንሽ የብረት ብሎኖች አፍንጫው ውስጥ በሱፐር ግሉ ያጣብቁ። ከዚያ ሁለቱን ጎኖች በወረቀት ፕላስተር ለጊዜው ያያይዙና የኋላ እግሮቹ በሚገቡበት ቦታ በሁለት ጣት ደግፈው ያንሡት። ወደ ፊት ካዘነበለ ይበቃል።

ደረጃ 5፦ ያጣብቁ፣ ስንጥቁን በመኪና ስቱኮ ስስ አድርገው ይሙሉ፣ በብርጭቆ ወረቀት ውሃ እያስነኩ ያልስልሱ። ቲነር አያስነኩት፤ ፕላስቲኩን ይበላዋል።

ደረጃ 6፦ ቀለም። አንዴ ወፍራም ከመቀባት ሦስት ጊዜ ስስ ይቀቡ። በክረምት እርጥበቱ ቬርኒሹን ስለሚያነጣው ፀሐይ የወጣበትን ቀን ይጠብቁ። በሳጥኑ ውስጥ የሚመጡት ምልክቶች አብዛኛውን ጊዜ የሌላ አገር ናቸው። የእኛን አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ክብ ለመሥራት በወረቀት ፕላስተር ላይ በኮምፓስ ክቦች ያውጡ፣ ትልቁን ቀብተው ሲደርቅ ትንሹን ከላይ ያሳርፉ። ረጅም ሰዓት ይወስዳል፤ ግን አውሮፕላኑን የኛ የሚያደርገው ይህ ነው።

ደረጃ 7፦ ያገለገለ ያስመስሉት። አፍንጫው ላይ ባሉት በሁለቱ 20 ሚሊ ሜትር መድፎች አፍ ዙሪያ የከሰል ብናኝ በለስላሳ ብሩሽ ወደ ኋላ ያሻሹ፤ ባሩድ የሚያጠቁረው እዚያ ነው። ጎማውን ግን በእንጦጦ ቀይ አፈር አይቀቡት፤ ይህ አውሮፕላን የተዋጋው በቆላው ሰማይ ላይ ነው።

የአፍንጫው ጫፍ ላይ ያለችውን የአየር ፍጥነት መለኪያ ዘንግ ከአሮጌ መርፌ ይሥሯት። ሹል ጫፏን መጀመሪያ በሞረድ ያደንዝዙ፣ በመጨረሻም ይትከሏት፤ ቀደም ብላ ከገባች እጅጌ ይነቅላታል።